ዝናብ የማይቀሰቅሰው ስንዴ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ዳቦ ቆሎ እያዘጋጀሁ ለነቀምቴ ሱቆች አስረክባለሁ። የሥራ ዘመኔን ሙሉ ስንዴ ስዘራ፣ ስንዴ ሳዳቅል፣ ስንዴ ሳኝክ ኖሬ በእርጅናዬም ከስንዴ አልተፋታሁም። እግዜር ይመስገን፣ ጥርሴም እስከ ዛሬ አልከዳኝም።

ባለፈው የእህቴ ልጅ ሰላማዊት ለእረፍት ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር እኔ ቤት መጣች። ሰላማዊት የምግብ ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራ ጎበዝ ልጅ ናት፤ ጎበዝነቷ ግን እንግድነት ላይ እንኳ አያርፍም። ከዳቦ ቆሎዬ ውስጥ ጠቆር ጠቆር ያሉትን እየለቀመች ለብቻ ታስቀምጥ ጀመር።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት።

«አክስቴ፣ እነዚህን አትሽጫቸው። ስንዴ በኃይለኛ እሳት ሲጠቁር አክሪላማይድ የሚባል ጎጂ ነገር ይፈጠርበታል።»

«ምን አልሽው? የመድኃኒት ስም ይመስላል።»

ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። በስንዴው ውስጥ አንድ ንጥረ ነገር አለ፤ ከስኳር ጋር ሆኖ ኃይለኛ እሳት ሲያገኘው ወደዚያ ጎጂ ነገር ይለወጣል። ዛሬ ሳይንቲስቶች ያ ንጥረ ነገር ከጥንቱም በፍሬው ውስጥ እንዳይበዛ የስንዴውን ዘር ራሱን እያሻሻሉት ነው። ይህን ስትለኝ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ልጅቱ የቀለድኩባት መስሏት አኮረፈች።

አልቀለድኩባትም። ትዝ ያለኝ ኦቦ ነጋሳ ነው። እኛ በደርግ ጊዜ የዚያን ነገር ስም አናውቅም፣ ጉዳቱንም አናውቅም፤ ቀድመን ደርሰንበታል ብዬ ብፎክር እዋሻለሁ። የምናውቀው ምሬትና ጥቁረት ብቻ ነበር። ነገር ግን እሳት ቶሎ የማያጠቁረው ስንዴ ከዘሩ ይገኛል ብሎ ዓመታት የለፋ ሰው ነበር፤ እኔም ሥራ የተማርኩት ከእሱ እጅ ነው። ለሰላማዊት የነገርኳትን ነው እዚህም የምጽፈው።

አባቴ ከሸዋ መጥቶ ነቀምቴ የቀረ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። እኔ ሥራ የያዝኩት ሻምቡ፣ በእርሻ ቢሮ ታይፒስትነት ነው። የጽሕፈት መኪናው ሁለት ፊደል ስለጎደለው የምጽፈውን ሁሉ ሁለቱን ፊደላት በሚያስቀር አማርኛ መጻፍ ተማርኩ። ከዚያ ጊምቢ የቡና ችግኝ ጣቢያ ተዛወርኩ። እዚያ አለቃዬ ችግኝ ከሰው የሚያከብር ሰውዬ ነበር፤ እኔን «አንቺ» ሲል ችግኙን «እሳቸው» ሊል ምንም አይቀረው። በመጨረሻ ነቀምቴ አጠገብ ባለች ትንሽ የእርሻ ምርምር ጣቢያ የስንዴ ክፍል ረዳት ሆንኩ። ደመወዙ ከእጅ ወደ አፍ ነበር፤ ቢሆንም እናቴ ዘንድ መግባቴ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

የስንዴ ክፍሉ ማለት ኦቦ ነጋሳ ማለት ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ዝም የሚለው ግን አፉ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ስለሆነ ነው። መጀመሪያ ቀን «አካም ቡልቴ?» ብዬው ስገባ እጁን አንስቶ ቆይ አለኝ። ቆምኩ። አኘከ፣ አኘከ፣ ከዚያ ከአፉ እንደ ማስቲካ የሚሳብ ነገር አውጥቶ በጣቱ መካከል ለጠጠውና «ነጋ ዳ» ብሎ ሰላምታዬን መለሰልኝ። ጥሬ ስንዴ ቢያኝኩት መጨረሻ ላይ ሙጫ ይቀራል፤ ሙጫው ካልተበጠሰ ሊጡ ይነሳል ማለት ነው። ማሽን አልነበረንም፤ ማሽናችን የኦቦ ነጋሳ መንጋጋ ነበር።

የኮቱ ቀኝ ኪስ ለጥሬ፣ ግራው ለቆሎ ነበር። ስብከት ላይ ያኝካል፣ ስብሰባ ላይ ያኝካል። አንድ ጊዜ የቀበሌ ስብሰባ ላይ «ጓድ፣ ምን እየበሉ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «ሥራ ላይ ነኝ» አለ። ተሰብሳቢው አለቀ በሳቅ። ስንዴ በሚቀምስበት ቀን ሻይ ያለ ስኳር ይጠጣል፤ ምላስ ንጹሕ መሆን አለበት ይላል። የማይሆን ዘር ሲጥል ደግሞ ዝም ብሎ አይጥልም፤ በእጁ ይዞ «ዲፋማ» ይለዋል፤ ይቅርታ እንደ ማለት። ለእኔ ግን ስሳሳት ይቅርታ የሚባል ነገር አያውቅም።

የጥቁረቱን ነገር ያመጣብን ሸምሱ ነው። ሸምሱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምቴ ላይ ዳቦ ቤት የከፈተ፣ ሲናደድ በሦስት ቋንቋ የሚናደድ ሰው ነበር። አንድ ቀን አንድ ጥቁር ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ ጣቢያችን ድረስ መጣ።

«ኦቦ ነጋሳ፣ የአገራችን ስንዴ ምን ነክቶታል? ገና ውስጡ ሳይበስል ላዩ ከሰል ይሆናል። እሳት ስቀንስ ሊጥ ይሆናል። ሰው ‹ሸምሱ መራራ ሸጠልኝ› እያለ ስሜን አጠፋው!»

ኦቦ ነጋሳ ከጥቁሩ ቆርሶ አኘከ። ፊቱ ጭምድድ አለ። «ሁሉም ስንዴ እንዲህ ነው?» አለው።

«ኧረ አይደለም! አንዳንዱ ወርቅ መስሎ ይወጣል። እሳቱ ያው፣ እጄ ያው።»

«እንግዲያው ዘሩ ነው» አለ ኦቦ ነጋሳ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አቆመ።

ያሉንን የስንዴ ዓይነቶች ሁሉ እየቆላን ማየት ጀመርን። ከየዓይነቱ አንድ አንድ እፍኝ በብረት ምጣድ፣ በእኩል ከሰል። እኔ አፍንጫ ነበርኩ። ስንዴ ሲቆላ መጀመሪያ የዳቦ ሽታ ይሸታል፤ ቀጥሎ ጠንከር ያለ የቡና ዓይነት ሽታ ይመጣል፤ ከዚያ ጉሮሮ የሚከረክር ጭስ ይከተላል። ከመጀመሪያው ሽታ ወደ ሦስተኛው ዘልሎ የሚሄደው ውዳቂ ነው፤ መካከል ላይ የሚቆየውን እንይዛለን። ማታ ቤት ስገባ እናቴ «ቆሎ ነጋዴ ሆንሽ ወይስ የመንግሥት ሠራተኛ?» ትለኝ ነበር።

ከብዙ ክረምት በኋላ አንዲት ነጭ ስንዴ ጥንቅቅ ብላ ወጣች። ነጯ ብለን ጠራናት። ቆሎዋ እኩል ይቀላል፣ ሙጫዋ አይበጠስም፣ ሸምሱ ሲጋግራት ከምድጃው ፊት ሊጨፍር ምንም አልቀረው። የጣቢያችን ኃላፊ ጓድ ታደሰም ደስ አላቸው። ጓድ ታደሰ ቁመተ አጭር፣ ድምፃቸው ግን ለአደባባይ የተሠራ ሰው ናቸው፤ «ደህና አደራችሁ» ሲሉ እንኳ ልናጨበጭብ ይቃጣን ነበር። ነጯ ቢላ በሚባለው ገጠር፣ በገበሬ ማኅበር ማሳ በሰፊው ትዘራና ትታይ አሉ። ውርደታችን የመጣው እዚያ ነው።

የቢላው ማኅበር ሊቀመንበር ኦቦ ተሲሳ ነበር፤ መሬቱን እንደ ልጁ የሚያይ ገበሬ። ነጯ ማሳው ላይ አማረች። ኅዳር ላይ ደርቃ ለአጨዳ ስትደርስ ግን አጨዳውን አንድ ትልቅ እንግዳ ይከፍታሉ ተባለ። ማጭድ ላይ ቀይ ጨርቅ ታሰረ፣ መፈክር ተጻፈ፣ እንግዳው ግን አልመጡም። ነገ ይመጣሉ ሲባል በመካከሉ ዝናብ መጣ፤ ያለ ወቅቱ፣ የወለጋ ዝናብ። የደረሰው ስንዴ ቆሞ ተደበደበ። ኦቦ ተሲሳ «እንጨደው» ሲል ማን ይስማው። ዝናቡ አልፎ ፀሐይ ከወጣች በኋላ እንግዳው መጡ፤ ሁለት ነዶ አጭደው ሄዱ።

ስንዴው ተወቅቶ ሲቀርብ ከላይ ለሚያየው ምንም አልሆነም። ኦቦ ነጋሳ ግን ሳይቀምስ አያልፍም። ችግሩ ደግሞ የኦቦ ተሲሳ ሚስት አዴ ጫልቱ የደግ ደግ መሆኗ ነው። ለወቂዎቹ ጠጅ ሲቀርብ ኦቦ ነጋሳ እምነቱ መጠጥ ስለማይፈቅድለት ለእሱ ለብቻው ብርዝ በጥብጣ ነበር፤ ወፍራም፣ ማር ማር የሚል ብርዝ። ሰው ቤት ገብቶ የቀረበለትን አልጠጣም ማለት በእኛ አገር ነውር ነው። ጠጣ። ደገመችለት፤ ደገመ። ከዚያ ከስንዴው አፍሶ አኘከ።

«ጣፈጠኝ» አለኝ ግራ ገብቶት።

«ብርዙ ነዋ!» አልኩት እየሳቅሁ።

«እሱስ ብርዙ ይሆናል» አለና እሱም ሳቀ።

ብርዙ አልነበረም። ይህን ያወቅነው ሸምሱ ዳቦ ቤት፣ ጓድ ታደሰና የከተማው ሹማምንት የነጯን ዳቦ ሊያዩ ተሰብስበው በቆሙበት ነው። ሸምሱ የምድጃውን በር ከፈተ። የወጣው ዳቦ ጥቁር ነበር፤ ላዩ ተሰነጣጥቆ፣ ውስጡ እንደ ጭቃ ተጣብቆ። የከረከረኝን ጭስ እስከ ዛሬ አልረሳውም። አንዱ ሹም ቀምሶ በመሐረቡ ተፋው። ሸምሱ አፈረ፤ ኦቦ ነጋሳ ግን ከግድግዳው ጋር አንድ ሆነ። እኔ አለቀስኩ፤ ለምን እዋሻለሁ፣ ሰው እያየኝ ነው ያለቀስኩት።

በማግሥቱ ጠዋት ኦቦ ነጋሳ በባዶ ሆዱ፣ በውሃ ብቻ ተጉመጥምጦ ያንኑ ስንዴ አኘከ። እጄን ያዘኝ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ይህ ስንዴ አይደለም። ብቅል ነው።»

ነጯ በዝናቡ ዛላዋ ላይ እንዳለች መብቀል ጀምራ ነበር። ጭራ ሳታወጣ፣ ውስጥ ውስጡን። ስንዴ ሊበቅል ሲነሳ በሆዱ ያለውን ሁሉ ወደ ስኳር ይለውጣል፤ ስኳሩ እሳት ሲያይ ይጠቁራል፣ ይመራል። እኛ ጣቢያው ላይ ሁልጊዜ በጊዜ አጭደን ቆርቆሮ ሥር ስለምናደርቃት ይህን አመሏን አይተንባት አናውቅም። በዚያ ዘመን ሰውም ገበሬም ፋብሪካም እንዲነቃ ነበር የሚፈለገው፤ ስንዴ ብቻ እስኪዘራ ድረስ መተኛት ነበረበት፣ እሱ ደግሞ ነቃብን።

ኦቦ ነጋሳ ይህን ለጓድ ታደሰ አስረዳ። ጥፋቱ የዝናቡ እንጂ የዘሩ አይደለም አላቸው። ጓድ ታደሰ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መለሱ።

«ነጋሳ፣ ገበሬው ቆርቆሮ የለውም። ጣራ የሚፈልግ ዘር ዘር አይባልም።»

ያን ቀን ጠላኋቸው። በኋላ ግን ከአለቆቼ ሁሉ ከሰማሁት እውነተኛው ቃል እሱ መሆኑን ተቀበልኩ። ከበላይ ግፊት እንዳለባቸውም ነገሩን፤ ለስንዴ የሚወጣው ጉልበት ወደ በቆሎ ይዙር ተብሏል። የመጨረሻ ዕድል ሰጡን። ዝናብ የመታው ስንዴ በሸምሱ ምድጃ ሳይጠቁር ከወጣ ክፍሉ ይቀጥላል። ካልወጣ ክፍሉ ይዘጋል፣ ኦቦ ነጋሳም ስንዴ ወደማይበቅልበት ቆላ ይዛወራል። እሱን ከስንዴ መለየት ማለት ዓሣን ደረቅ መሬት መመደብ ነበር።

ተመልሰን ቢላ ሄድን። ኦቦ ነጋሳ ባዶውን ማሳ ሲዞር አጥሩ ጥግ ላይ ያልታጨደ ቀጭን መስመር አየ። ፍሬው ቀይ ነው። ዝናቡ እኩል መትቶታል።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ።

«ቀመዲ ዲማ፤ ቀዩ ስንዴ» አለ ኦቦ ተሲሳ። «ለገንፎ ብለን ነው። ዳቦ አይሆንም፣ ድንጋይ ነው።»

ኦቦ ነጋሳ አንድ ፍሬ አፉ ውስጥ ጨመረ። አኘከ። የዚያን ጊዜ ፊቱን ማየት ነበር። «አይጣፍጥም!» አለ፤ ሎተሪ እንደ ወጣለት ሰው። ቀዩ በዚያ ሁሉ ዝናብ አልነቃም፣ ለጥ ብሎ ተኝቷል።

ነጯን ከቀዩ ማጋባት የእኔ ሥራ ነበር። የስንዴ አበባ በራሱ ብናኝ ስለሚረካ ጎረቤት አይፈልግም፤ ስለዚህ ሳይፈካ በፊት ጠዋት በወረንጦ ከእያንዳንዷ አበባ ወንዴውን ለቅሞ ማውጣት ያስፈልጋል። ወንዴዎቹ አረንጓዴ ሆነው ካገኘናቸው ደህና ነው፤ ቢጫ ከሆኑ አርፍደናል፣ ሠርጉ አልቋል። ከዚያ ዛላውን ወረቀት አልብሶ፣ ሴቴዋ እንደ ላባ ስትከፈት የቀዩን ብናኝ አምጥቶ እላይዋ ማራገፍ። ማስነጠስ ክልክል ነው። ኦቦ ነጋሳ ከኋላዬ ቆሞ ትንፋሹን ይዞ ሲያይ ከአበባው ይልቅ ለእሱ እሰጋ ነበር።

ልጆቻቸው ሲደርሱ እያንዳንዱን ዛላ ውሃ ውስጥ ነክረን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን ሞቅ ያለ ቦታ እናስተኛለን። ጆንያው ሲፈታ ጭራ ያወጣውን «ዲፋማ» ብለን እንጥላለን፤ የተኛውን ብቻ ዘርተን፣ ፍሬውን አጥበን አድርቀን እንቆላለን። ብዙዎቹ በእንቅልፋቸው አባታቸውን ወጥተው በዳቦ ድንጋይ ሆኑ። ሌሎቹ በዳቦ እናታቸውን ወጥተው በእርጥበት ነቁ። ጓድ ታደሰ በየዓመቱ መጥተው «እህስ?» ይሉናል። «ተኝቷል» እንላቸዋለን። «እሱ ወይስ እናንተ?» ብለው ይሄዳሉ።

ሁለቱንም አስማምቶ የያዘ አንድ ቀላ ያለ ዘር የወጣው ተስፋ ልንቆርጥ ስንል ነው። ዘሩን አብዝተን ወደ ቢላ ሄድን። ኦቦ ተሲሳ ያ ሁሉ ደርሶበትም መሬት አልነፈገንም። «ስንዴ አዋረደን፤ ስንዴ ራሱ ያንሳን» አለ።

ኅዳር ላይ ስንዴው ደረሰ። ሰማዩ ጠቆረ። ገበሬ ሁሉ የራሱን ለማስገባት ሲሯሯጥ ኦቦ ነጋሳ ማሳው ዳር ቆሞ «አይታጨድም» አለ።

«ኦቦ ነጋሳ፣ አብደሃል? ዝናብ መጣ እኮ!» አለ ኦቦ ተሲሳ።

«እንዲመታው ነው የምፈልገው።»

«የደረሰ እህል እያየሁ?» አለና ማጭዱን ጥሎ ፊቱን አዞረ። ዝናቡ ወረደ። ቀናት ወረደ። ኦቦ ተሲሳ በራፉ ላይ ቆሞ ማሳውን እያየ እጁን ያፋትጋል፤ አዴ ጫልቱ «ግባ፣ አትየው» ትለዋለች፤ አይገባም። ኦቦ ነጋሳ ጎጆው ውስጥ ተቀምጦ በእያንዳንዱ ነጎድጓድ ዓይኑን ይጨፍናል። በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን ሰው ሲያሳዝነኝ አላውቅም፤ ሁለቱም አንጀቴን በሉኝ።

ሲያባራ ታጨደ፣ ተወቃ፣ ነቀምቴ ገባ። ኦቦ ነጋሳ ሚስቱን አዴ ወርቄን ዕቃ እንድታስር ነግሯት እንደ ነበር የሰማሁት ያን ጠዋት ነው። ፍራሹ ሳይቀር በገመድ ታስሮ በር ላይ ቆሟል።

ሸምሱ ዳቦ ቤት እንደ ገና ተሰበሰብን። ኦቦ ነጋሳ አልገባም፤ ውጭ በረንዳው ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ዳቦው ምድጃ ውስጥ ሲገባ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አፍንጫዬን ከፈትኩ። የዳቦ ሽታ መጣ። ጠበቅሁ። የዳቦ ሽታ ነው። አሁንም ጠበቅሁ። ጠንከር ያለው ሽታ መጣና እዚያው ቆመ፤ ጭሱ አልተከተለም። ዓይኔን ስገልጥ ሸምሱ ዳቦውን አውጥቶ፣ አፉን ከፍቶ፣ በሦስት ቋንቋ ዝም ብሎ ነበር። ወርቅ የመሰለ ነው የወጣው።

ጓድ ታደሰ አንዱን ቆርሰው በሉ። ሌላ ቆረሱ። ሹማምንቱ ሲጠብቁ ሙሉውን ጨረሱት። ከዚያ ፍርፋሪውን ከኮታቸው አራግፈው ወደ በረንዳው ወጡ።

«ነጋሳ፣ ለሚመጣው ክረምት ለስንት ማሳ የሚበቃ ዘር አለን?»

ኦቦ ነጋሳ ዞሮ አያቸው። አፉ ባዶ ነበር፤ ሲያኝክ ያላየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ትኩሱን ዳቦ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ግማሹን በልቶ ግማሹን ኪሱ ከተተና በከተማው መካከል ወደ ቤቱ እየተጣደፈ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት።

አዴ ወርቄ በር ላይ ቆማ አገኘናት። ግማሹን ዳቦ ሰጣትና ተንበርክኮ የፍራሹን ገመድ መፍታት ጀመረ። ቋጠሮው ጠብቆበት ሲታገል የቆርቆሮው ጣራ ላይ ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ወዲያው ዝናቡ ባንዴ ተለቀቀ። አዴ ወርቄ ደንግጣ አየችው፤ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የኅዳር ዝናብ ሲመጣ ምግብ እንደማይበላ፣ እንደማይተኛ የምታውቀው እሷ ናት።

እሱ ግን ቀና እንኳ አላለም። ገመዱን በጥርሱ ይዞ እየጎተተ፣ «ሃ ሮቡ» አላት፤ «ይዝነብ!»